ሽፋኑን ገልጣችሁ ተመልከቱ

ሞዴል፣ ፎቶ አንሺ ወይም የመጽሔት አዘጋጅ ለመሆን ለምታስቡ ልጆቼ፤

ጥቁር ሞዴሎች በታላላቅ የፋሽን መጽሔቶች ስላገኙት ቦታ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚቆጠረው ሽፋን ነው። ዶንያል ሉና በ1966 በብሪታንያው ቮግ፣ ቤቨርሊ ጆንሰን በ1974 በአሜሪካው ቮግ ሽፋን ላይ የወጡ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ሴቶች መሆናቸውን (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሳትሰሙ አትቀሩም። ዕድሜዬን ከካሜራ ጀርባ ያሳለፍሁ ሰው ነኝና እኔ የምመክራችሁ የውስጡን ገጽ እንድትመረምሩ ነው፤ ሞዴሏ እንዴት እንደምትታይና ምን እንደሚባልላት የሚወስኑት ፎቶ አንሺው፣ ስታይሊስቱ (ልብሱን የሚመርጠው ሰው)፣ ሜካፕ ሠሪውና ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ሰው ናቸውና።

የሶማሊያዊቷን ሞዴል የኢማንን ነገር ተመልከቱ። በ1975 ኒውዮርክ ስትገባ ፎቶ አንሺው ፒተር ቢርድ በአፍሪካ በረሃ ከብት ስትጠብቅ ያገኛት፣ እንግሊዝኛ የማታውቅ እረኛ አድርጎ ለጋዜጦች አስተዋወቃት። እርሷ ግን የሶማሊያ ዲፕሎማት ልጅ፣ ብዙ ቋንቋ የምትናገር፣ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች፤ ያገኛትም እዚያው ናይሮቢ መንገድ ላይ ነው። ጋዜጦቹ ተረቱን ሳያጣሩ የተቀበሉት ስለ አፍሪካ መስማት የሚፈልጉት እርሱን ስለነበር ይመስለኛል። ጥቁር ሞዴል በቆመችበት የነብር ቆዳና የአሸዋ ክምር ሲደጋገም ያየ ሰው ተረቱ ገና እንዳላለቀ ይረዳል። ስለዚህ ስትዋዋሉ በክፍያው ላይ ብቻ አትነጋገሩ፤ ከፎቶው ጎን ስለ እናንተ የሚጻፈውን ከመታተሙ በፊት እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። እምቢ ሊሏችሁ ይችላሉ፤ የተጠየቀ አዘጋጅ ግን ካልተጠየቀው ይልቅ ይጠነቀቃል።

የብርሃኑ ጉዳይ ደግሞ የሙያ ጉዳይ ነው። የፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው፣ «ሸርሊ ካርድ» የሚባለው የቀለም ማስተካከያ ሥዕል ለአሥርት ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶ ስለነበር የጠቆረ ፊት ዝርዝሩ እየጠፋ ይታተም ነበር። ዲጂታል ካሜራ ይህን ቢያቃልለውም የሰውን ስንፍና አላስወገደም፤ በ2015 ደቡብ ሱዳናዊቷ ሞዴል ኒክሆር ፖል ነጮቹ ሞዴሎች ባዶ እጃቸውን ሲመጡ እርሷ ለቆዳዋ የሚስማማ ሜካፕ ይዛ ለመምጣት ለምን እንደምትገደድ በአደባባይ ጠይቃለች። ፎቶ አንሺ የምትሆኑ መብራት በማብዛት አትታለሉ፤ ጥቁር ቆዳ ቅርጹን የሚያሳየው በሚያንጸባርቀው ብርሃን ነውና ሰፊና ለስላሳ ብርሃን ከጎን ማሳረፍን ተለማመዱ።

ለእኛው ልጆች የምጨምረው አለ። ኢትዮጵያዊቷ ሞዴል ሊያ ከበደ በ2002 የፈረንሳዩ ቮግ አንድ ሙሉ እትም ሲሰጣት፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ የመዋቢያ አምራቹ የኤስቴ ላውደር የመጀመሪያዋ ጥቁር የማስታወቂያ ፊት ስትሆን ኮርተናል፤ የሚገባትም ነበር። ሆኖም «የሐበሻ መልክ» እየተባለ የሚሰጠው ሙገሳ ብዙ ጊዜ ከነጮች የውበት መለኪያ ጋር ያለንን ቅርበት የሚያደንቅ ነው። በ1997 በአሜሪካው ኤል መጽሔት ሽፋን ላይ የወጣችው የደቡብ ሱዳን ዲንካዋ ልጅ አሌክ ዌክ ያን መለኪያ ጥሳ ነው የገባችው። አፍንጫችሁ ሲሞገስ ሙገሳው ማንን እየገፋ እንደሆነ አስቡ።

መቁጠር ካሻችሁ ደግሞ ልዩ እትም ከወጣ በኋላ ያሉትን ወራት ቁጠሩ። የጣሊያኑ ቮግ በጁላይ 2008 የፎቶ ታሪኮቹን በጥቁር ሞዴሎች የሠራበት እትም ተሸጦ አልቆ እንደገና ታተመ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን የቀድሞዋ ጥቁር ሞዴል ቤታን ሃርዲሰን ለኒውዮርክ፣ ለለንደን፣ ለሚላንና ለፓሪስ የፋሽን ማኅበራት በጻፈችው ደብዳቤ በትርኢታቸው ጥቁር ሞዴል ጨርሶ ያላሰለፉትን ወይም በአንዲት ብቻ የተወሰኑትን የፋሽን ቤቶች በስም መዘርዘር ነበረባት። በ1892 የተመሠረተው የአሜሪካው ቮግም ሽፋኑን ለጥቁር ፎቶ አንሺ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠው በሴፕቴምበር 2018 ለታይለር ሚቸል ነው። እንግዲህ መጽሔት ስትይዙ በፎቶ ታሪኩ ጥግ በትንንሽ ፊደል የሚታተሙትን የሠሪዎቹን ስሞች አንብቡ፤ ለሞዴልነት ብቻ ሳይሆን በእነዚያ ፊደላት ለሚጻፉት ሥራዎችም አመልክቱ።