ሳይጨመርበት የሚሞላ ዘይት

«ጋሼ፣ የአባቴ 1300 ቮልስ ዘይቷ ሳልጨምርላት ይጨምራል። ማታ የላይኛው ምልክት ላይ የተውኩት ጠዋት አልፎት አገኘዋለሁ። ስትነሳ ታስቸግራለች፣ ጥቁር ጭስም ታወጣለች። አንድ ጋራዥ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተር ይውረድ አሉኝ። ቤታችን ጎንደር፣ ወደ ጎሃ ኮረብታ መውጫ ስለሆነ ፊቷን ወደ ዳገቱ አድርጌ ነው የማቆማት።»

ሞተር አታውርድ ወንድሜ። ፋሻው ያለቀ ሞተር ዘይት ይበላል እንጂ አይወልድም። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተህ አሽትተው። ቤንዚን ቤንዚን ካለህ፣ የካርቡራተርህ (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው) መርፌ፣ ማለትም የቤንዚን መግቢያውን የምትዘጋው፣ አይዘጋም ብዬ እወራረዳለሁ። ማሽተት ነው ያልኩህ፣ መለኮስ አይደለም! በወጣትነቴ አንድ አለቃዬ የመለኪያውን ጫፍ በክብሪት እየለኮሰ ያስተምረን ነበር። እኔ ግማሽ ቅንድቤን ከፍዬበታለሁ።

ዳገቱን ያነሳኸው ጥሩ አደረግህ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው። የቮልስ ታንከር ፊት ነው፣ ሞተሩ ኋላ። ፊቷን ሽቅብ ስታቆማት ታንከሩ ከካርቡራተሩ በላይ ይሆናል፤ ቤንዚኑም እንደ ምንጭ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል። የቤንዚን ፖምፓው አያግደውም ወይ ትለኝ ይሆናል። የፖምፓው ቫልቮች የሚከለክሉት ወደ ኋላ መመለስን ነው፤ ወደ ፊት ለሚሄድ ቤንዚን በሩ ክፍት ነው። የቀረው ዘበኛ ያቺ የጤፍ ቅንጣት የምታህል የመርፌ ጫፍ ናት። እሷ ካልዘጋች ካርቡራተሩ ሞልቶ ይፈስና፣ ቫልቩ ተከፍቶ ወዳደረው ሲሊንደር ገብቶ በፋሻው ጎን ወደ ዘይቱ ሲንጠባጠብ ያድራል። የጠዋቱ ጥቁር ጭስም ይኸው ነው። በዚያ ላይ መለኪያው ያለው ከኋላ በኩል ስለሆነ ዘይቱ ወደዚያው ያጋድላል፤ ከእውነቱም በላይ ያሳይሃል። ድስት ዘንበል አድርጎ የወጡን ልክ ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ ሞተር ሳታስነሳ፣ ልጆች ጠርተህ እየገፋችሁ ሜዳ ላይ አውጣት። መለኪያውን ጥረገው፣ እስከ መጨረሻው ክተተው፣ አውጥተህ አንብብ። አሁንም ከላይኛው ምልክት ካለፈ እንዳታስነሳት፤ በቤንዚን የቀጠነ ዘይት ብሮንዝ (ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ማረፊያ) ይበላል። አጠቃላይ የምትይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ሞተሩንም ከአየሩ ጋር የሚያቀዘቅዘው እሱው ነው።

ከዚያ የካርቡራተሩን ክዳን ፍታ፣ አምስት ብሎን ነው። መርፌውን በጣትህ ቀስ ብለህ ተጭነህ በንጹህ ቱቦ በቤንዚን መግቢያው ንፋ። ካሳለፈ ቀይረው። ከሥሩ ያለችውን ሮንዴላ (ቀለበት) እንዳትጥላት፣ የቤንዚኑን ከፍታ የምትወስነው እሷ ናት። መርፌው ደህና ከሆነ ፖምፓውን አንሳ፤ ሥሩ በቤንዚን ከራሰ ሜምብራኑ (ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን) ተቀዷል። አሁን ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ፖምፓ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ አንዳንዱ ከልክ በላይ እየገፋ ደህናውን መርፌ ያስከፍታል። ቀድሞ የሠራልህ ሰው የፖምፓውን ጓርኒሲዮን (ከሥሩ የሚገባውን ማሸጊያ) ትቶ በሲሊኮን ለጥፎትም ከሆነ አልገረምም፤ የፖምፓውን ግፊት ልክ የሚወስነው የዚያ ጓርኒሲዮን ውፍረት ነው።

ዘይቱን አፍስሰህ ሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ወንፊት እጠብ። የወንፊቱን ክዳን ስድስት ትንንሽ ዳዶ በ10 ቁልፍ በልክ እሰር፤ የቮልስ ሞተር ሥር ተበልቶ ያላየሁት ጥርስ የለም፣ ሁሉም በጉልበተኛ እጅ። ዘይቱ ውፍረቱ 20/50 የሆነው ይበቃል። የተሰነጠቀ የቤንዚን ጎማ ካየህም አብረህ ቀይር፤ ቮልስ የሚያቃጥለው እሱ ነው። ያፈሰስከው ዘይት ውስጥ ቤንዚን አለ፤ እናትህ ቡና የሚያፈሉበት ከሰል አጠገብ እንዳታስቀምጠው። በድጋሚ፦ እሳት አይቅረባት።

አዲሱ መርፌ እስኪገኝ ፊቷን ቁልቁል አዙረህ አቁማት፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አድርግ። ያኔ ደግሞ መለኪያው አሳንሶ ያሳይሃል፤ ጎደለ ብለህ ዘይት እንዳትጨምርባት።