ሱሉልታ ላይ የእባብ ሳጥን በሌሊት ስለማሞቅ
ጤና ይስጥልኝ፤ ሱሉልታ ላይ የሚያሳድጉት ቦል ፓይተን የተባለው እባብ እንዳይበርደው አምፖሉን እስኪነጋ ማብራት ይገባ እንደሆነ ጠይቀዋል። አይገባም፤ እባቡ የሌሊት ጨለማ ያስፈልገዋልና ብርሃን የማይሰጥ ማሞቂያ ይሻላል። አካባቢው ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ፣ ያልሞቀ ክፍል ለምዕራብና ለመካከለኛው አፍሪካ እንስሳ አይስማማውም።

የሳጥኑ አንድ ወገን ከ31 እስከ 33፣ ሌላው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሁን፤ እባብ የሰውነቱን ሙቀት የሚያስተካክለው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሳበ ስለሆነ፣ ሁለቱንም ወገን እኩል ማሞቅ መሸሻ ያሳጣዋል። ከሁሉ በላይ ግን ማሞቂያውን ያለ ቴርሞስታት (ሙቀቱን እየለካ ማሞቂያውን የሚቆጣጠር መሣሪያ) አይሰኩ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሳጥኑን በእጄ እየዳበስኩ «ለብ ብሏል» እል ነበር፤ የቴርሞሜትሩን ጫፍ ከወለሉ ጋር ባስነካሁት ጊዜ ግን 41 ዲግሪ አነበበ (የእባቤ የሆድ ቅርፊት አለመቃጠሉ እስካሁን ይገርመኛል)።

መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውኃ የሞላ ጠርሙስ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው በሞቃቱ ወገን ያስቀምጡ፤ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ሲሸፍኑም የአየር ማስገቢያውን አይድፈኑ። የከሰል ምድጃ ግን ወደ ክፍሉ አያስገቡ፤ ለእባቡም ለእርስዎም አደገኛ ነው።