መልስ፦ ለፎቶ ቤት ርካሽ ኔትወርክ ስቶሬጅ ወይስ ሰርቨር?

ወንድሜ፣ ደብረ ማርቆስ ላለው ፎቶ ቤትህ ኔትወርክ ስቶሬጅ (ኔትወርኩ ላይ ተሰክቶ ፋይል ለሁሉም ኮምፒውተር የሚያካፍል የዲስክ ሣጥን) ልግዛ ወይስ አሮጌውን ዴስክቶፕ ሰርቨር (ሌሎቹን የሚያገለግል ኮምፒውተር) ላድርገው ብለህ ጠይቀሃል። የሁለት ኮምፒውተር ፋይል አንድ ቦታ ማስቀመጥ ብቻ ከፈለግህ ባለ ሁለት ዲስኩ ኔትወርክ ስቶሬጅ ይበቃሃል። አሮጌውን ዴስክቶፕ ሰርቨር ማድረግ የሚያዋጣው ሌላ ፕሮግራምም ልትጭንበት ካሰብህ ነው፤ መብራትም ይበላል።

ከሁለቱም በፊት ግን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ግዛ። ዲስኩ እየጻፈ መብራት ድርግም ሲል የሚበላሸው አንድ ፎቶ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የፋይል ሲስተሙም (ዲስኩ ፋይሎቹን የሚያደራጅበት ሥርዓት) ይነካል። ዩፒኤሱን በዩኤስቢ አገናኘውና ባትሪው ሳያልቅ ስቶሬጁ ወይም ሰርቨሩ ራሱን እንዲዘጋ አስተካክል። ብዙው ሰው ይቺን ይዘላታል።

በሬይድ 1 (ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት ቅጂ በሚይዙበት አሠራር) ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ የሚሰጥህ 4 እንጂ 8 አይደለም። ባክአፕም (መጠባበቂያ ቅጂ) አይሆንህም፦ በስህተት ያጠፋኸው ከሁለቱም ይጠፋል። በሦስተኛ ዲስክ በየሳምንቱ ገልብጠህ ቤትህ አስቀምጥ።

የራውተሩ ወደብ 100 ሜጋቢት ከሆነ በሰከንድ ከ12 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም፤ ጊጋቢት ስዊች (ኮምፒውተሮቹንና ስቶሬጁን በኬብል በፍጥነት የሚያገናኝ ሣጥን) ጨምር።