ጉዳት ይዞ ከጓደኛ ጋር ማራቶን መሮጥ፦ ጥያቄና መልስ

ከጓደኛችሁ ጋር ማራቶን ልትሮጡ ተመዝግባችሁ መሀል ላይ ጉዳት ያጋጠማችሁ፣ ወይም ልምምዱ ያልሞላላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ሐኪም አይደለሁም። አሥራ አንድ ጊዜ ማራቶን ጀምሬ አሥሩን ጨርሻለሁ። ከአሥሩ ስድስቱን የሮጥኩት ከጓደኛ ጎን ሆኜ ነው። ያላለቀው አንዱ ታሪክ ከታች አለ።

ጥያቄ፦ ሩጫው አምስት ሳምንት ቀርቶታል። የተመዘገብኩት ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር ነው። ቀኝ ጉልበቴን በውጭ በኩል እያመመኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቆምኩ። እስካሁን የሮጥኩት ረጅሙ 19 ኪሎ ሜትር ነው። ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ዛሬ መወሰን የለብህም። በሁለት ሳምንት እረፍት የሚጠፋው አቅም ከምታስበው በጣም ያነሰ ነው። እሱን ተወው። የሚያሳስበኝ ጉልበትህ ነው።

ስትጀምር ሳያምህ የተወሰነ ኪሎ ሜትር ላይ ብቻ የሚነሳና ቁልቁለት ላይ የሚብስ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከዳሌ ተነስቶ በጭን ውጭ በኩል እስከ ጉልበት የሚወርደው ጅማት ነው። አጥንት አይደለም። ግን እልህ አይወድም። ፊዚዮቴራፒስት ይየው። የዳሌ ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ከሰጠህ «እኔን ያመመኝ ጉልበቴን፣ ምን አገናኘው?» ብለህ አትተወው። ዳሌ ሲደክም ጉልበት ነው ዕዳውን የሚከፍለው።

በዚህ ሳምንት መጨረሻ 12 ኪሎ ሜትር ሞክር። አራት ደቂቃ ሩጥ፣ አንድ ደቂቃ ተራመድ። በማግስቱ ደረጃ ስትወርድ ካላመመህ በሚቀጥለው ሳምንት 20፣ ከዚያ 24። እዚያ ላይ ይብቃህ። የቀሩት ሁለት ሳምንታት እየቀነስክ የምታርፍባቸው ናቸው። ያመለጠህን 30 እና 32 ኪሎ ሜትር በመጨረሻዋ ሰዓት ላካክስ ብትል የምታተርፈው ሁለተኛ ጉዳት ነው። 24ቱ ላይ ካነከስክ ደግሞ መልሱን እግርህ ሰጥቶሃል።

ጥያቄ፦ እየሮጡ መራመድ ማራቶን ሮጥኩ ያስብላል? ጓደኛዬ «እኔ አልራመድም» ብላለች።

ያስብላል። ርቀቱ 42.195 ኪሎ ሜትር ነው። በምን አኳኋን አለፍሽው ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ የለም። ይህን ዘዴ በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ጄፍ ጋሎዌይ ራሱ በ1972 ሙኒክ ኦሎምፒክ ላይ የተወዳደረ ሯጭ ነው። የሰነፍ መላ አይደለም።

ሒሳቡን ለጓደኛሽ አሳያት። በኪሎ ሜትር ሰባት ደቂቃ በሚያስኬድ ፍጥነት አራት ደቂቃ ትሮጣላችሁ። ቀጥላችሁ በኪሎ ሜትር አሥር ደቂቃ በሚያስኬድ እርምጃ አንድ ደቂቃ ትራመዳላችሁ። አማካዩ በኪሎ ሜትር ወደ 7 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ይመጣል። በዚህ ሙሉው ማራቶን በአምስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ያልቃል። ልምምድ ሳይሞላላት በግድ የምትሮጥ ሰው 30ኛው ላይ እግሯ ተሳስሮ የምትራመደው እርምጃ ከዚህ በጣም የዘገየ ነው።

አንድ ነገር ብቻ፦ እርምጃውን ከመጀመሪያዋ ኪሎ ሜትር ጀምሩት። ሲደክመን እንራመዳለን ካላችሁ ጥቅሙ ያልፋችኋል። መጀመሪያ ላይ ሰው ሁሉ ጥሏችሁ ይሄዳል፤ ያስከፋል። ከ32 በኋላ አንድ በአንድ ታልፏቸዋላችሁ።

ጥያቄ፦ የሚያስፈራውን ሕመም ከተራው እንዴት ልለይ?

ከሁሉም ጥያቄ ይሄን ነው በደንብ መመለስ የምፈልገው።

ተራው ሕመም ሰፊ ነው። የት ነው ብትባል በመዳፍህ ታሳያለህ። ጭኑ በሙሉ፣ ባቱ በሙሉ። በሁለቱም እግር ይሰማል፣ ስታሟሙቅ ይላላል፣ በሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል። የሚያስፈራውን ግን በአንድ ጣት ነው የምታሳየው።

አንድ ጓደኛዬ ከልምምድ በኋላ ጫማውን ሊፈታ ጎንበስ አለ። አውራ ጣቱን ቅልጥሙ ላይ አሳረፈና ከላይ ወደ ታች ማንሸራተት ጀመረ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ አለ። ጣቱን አነሳና ደግሞ እዚያው መለሰው። የሳንቲም ያህል ቦታ ናት። «ማታ ማታም ይጠዘጥዘኛል» አለኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ለሁለታችንም ገባን። ራጅ ተነሳ፤ ምንም አልታየም። ኤምአርአይ ላይ የአጥንት ስንጥቃት ሆኖ ተገኘ። ይህ ጉዳት መጀመሪያ አካባቢ ብዙ ጊዜ ራጅ ላይ አይታይም። «ራጁ ንጹህ ነው» ተብላችሁ ሕመሙ ካልለቀቃችሁ መሮጥ አትጀምሩ።

በአንድ ጣት የምታሳየው አጥንት ላይ ያለ ሕመም፣ ሌሊት ተኝተህ የማይተውህ፣ ወይም ስትሮጥ እየባሰ የሚሄድ ከሆነ ልምምዱን አቁምና ሐኪም ይየው። ብሽሽት ውስጥ ጠልቆ የሚያም ከሆነ ደግሞ ቀን አትቁጠር። የጭን አጥንት አንገት ስንጥቃት ሊሆን ይችላል። ተሮጦበት ሙሉ በሙሉ ከተሰበረ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል።

የጅማት ነገር መሀል ላይ ነው። ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ተረከዝህን የሚወጋህና ትንሽ ስትራመድ የሚተውህ ሕመም አለ። በጥንቃቄ ተይዞ ማራቶን ያለፉ ብዙ ሰዎች አሉ። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። ሕመሙን ከአሥር ነጥብ ስሰጠው ሦስት ድረስ ከሆነ፣ እየሮጥኩ ካልጨመረና በማግስቱ ካልባሰብኝ እቀጥላለሁ። አረማመዴን ካስቀየረኝ ግን ቁጥሩ ምንም ይሁን እቆማለሁ። የሚያነክስ ሰው ጤነኛውን እግሩንም እየጎዳ ነው።

ጥያቄ፦ አበበ ቢቂላ እኮ ቀዶ ጥገና አድርጎ ነው ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው። እኛ ለአንድ ጉልበት እንዲህ መሸበር አለብን?

እውነት ነው። በ1964 አምስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ያስደንቃል፣ ሁሌም ያስደንቀኛል። ነገር ግን ትርፍ አንጀት የሰውነት ክብደት አይሸከምም። ከቀዶ ጥገናው በፊት ደግሞ የዓመታት ልምምድ እግሩ ውስጥ ነበር።

ያው አበበ በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ እግሩን ተጎድቶ ገባ። 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋርጦ ወጣ። ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ ያለው ሰው ቆመ። ማሞ ወልዴ ቀጠለና አሸነፈ። እኔ ስለ ጉዳትና ስለ ጓደኛ ሳስብ የሚመጣብኝ ከቶኪዮ ይልቅ ይሄኛው ቀን ነው።

በዚያው ውድድር ታንዛኒያዊው ጆን ስቲቨን አክዋሪ መንገድ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተጎዳ። በፋሻ ታስሮ ከአሸናፊው አንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ጨረሰ። ሁሉም ያከብረዋል፣ እኔም። ግን እሱ አገሩን ወክሎ ኦሎምፒክ ላይ ነበር። የእናንተ ሩጫ በሚቀጥለው ዓመትም አለ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ማስታገሻ ውጬ ብገባስ?

አይሆንም። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ እና መሰሎቻቸው ኩላሊት ላይ ጫና አላቸው። ለሰዓታት እየሮጠ ላብ የሚያፈስ ሰው ኩላሊት ደግሞ ያኔውኑ ተጨናንቋል። ሆድንም ያውካሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ሊነግርህ የሚሞክረውን ሕመም አፍ ያስይዙታል። ያለ ኪኒን መጀመር ካልቻልክ አትጀምር።

ጥያቄ፦ እኔ ተጎድቻለሁ፣ ጓደኛዬ ግን በጣም በሚገባ ተዘጋጅቷል። አብረን እንጨርሳለን ተባብለን ነበር። ቃል የእምነት ዕዳ ነው። መሀል ላይ ብቆም ምን ይሁን?

ከመነሻው በፊት ተነጋገሩበት። መንገድ ላይ፣ ደክሟችሁ፣ ሰው እያጨበጨበ፣ ልክ የሆነ ውሳኔ አይወጣም።

የእኔን ልንገርህ። የተረከዜ ጅማት ሦስት ሳምንት ሲያመኝ ቆይቷል። ለጓደኛዬ አልነገርኩትም። ዓመት ሙሉ አብረን ነው የተለማመድነው፤ እንዴት ልቅርበት ብዬ። 15ኛው ላይ ጀመረኝ። እሱ ያወራል፣ እኔ «እህ» እላለሁ። 20 ላይ «ምነው ዝም አልክ?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። 26 ላይ ውሃ ልወስድ ቆም አልኩና ስነሳ ተረከዜ መሬት አልነካ አለ። እሱም ቆመ። ሂድ ስለው እንቢ አለ። አብሮኝ መንገድ ዳር ሃያ ደቂቃ ተቀመጠ። ኋላ ብቻውን ቀጥሎ ካሰበው ሰዓት በጣም ዘግይቶ ገባ። እኔ ስምንት ወር አልሮጥኩም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ስምንቱ ወር ሳይሆን እነዚያ ሃያ ደቂቃዎች ናቸው። አስቀድሜ ብነግረው ኖሮ ሁለታችንም ምን እንደምናደርግ እናውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከማንም ጋር ስሮጥ ከሩጫው በፊት ባለው ምሽት ሦስት ነገር እንነጋገራለን። አንደኛ፣ ፍጥነቱ የዘገየው ሰው ፍጥነት ነው፤ ፈጣኑ ግማሽ እርምጃ እንኳን አይቀድምም። ጎን ለጎን መሆንና ሁለት ሜትር ቀድሞ መጎተት በጣም ይለያያሉ። ሁለተኛ፣ አንዱ ካነከሰ ሌላው «ቁም» የማለት መብት አለው፤ የተባለው ሰው አይከራከርም። ሦስተኛ፣ አንዱ ከወጣ ሌላው እስከ እርዳታ ሰጪዎቹ አድርሶት ይቀጥላል። ይህ ሦስተኛው ካልተባለ ማንም በሰላም አይቀጥልም፣ ማንም በሰላም አይቆምም። ቃሉን ያፈረስክ የሚመስልህ «እንጨርሳለን» ስለተባባላችሁ ነው። «አብረን እንጀምራለን፣ የሆነውን እንነጋገራለን» በሉት።

ጥያቄ፦ ሯጭ አይደለሁም፤ 58 ዓመቴ ነው። ከድሮ የሥራ ባልደረባዬ ጋር በእርምጃ ብቻ መጨረስ እንችላለን ወይ?

ይችላሉ፤ ግን መጀመሪያ የውድድሩን የጊዜ ገደብ ይመልከቱ። ብዙ ቦታ ስድስት ሰዓት ነው። ሰባትና ስምንት የሚፈቅዱም አሉ። ስድስት ሰዓት ማለት በኪሎ ሜትር 8 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ነው። ይህ በእርምጃ ብቻ ለአብዛኛው ሰው አይቻልም። ፈጠን ባለ እርምጃ፣ በኪሎ ሜትር አሥር ደቂቃ ቢሄዱ፣ ከሰባት ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ ስምንት ሰዓት የሚሰጥ ይምረጡ። ልምምዱን ከመጀመርዎ በፊት ልብዎንና የደም ግፊትዎን ይታዩ። ሲራመዱ ደረትዎን ከጨነቀዎት ወይም ካዞረዎት እዚያው ይቁሙና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ውሃ ምን ያህል? ጄልስ?

ውሃ ሲጠማችሁ ጠጡ። ቀስ ብሎ የሚሮጥ ሰው በየጣቢያው አንድ ኩባያ እየጨለጠ አምስት ስድስት ሰዓት ከሄደ ደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ይወርዳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደናገር ያመጣል፤ ሲከፋ ይገድላል። ጓደኛችሁ ጥያቄ ስትጠይቁት ግራ የገባ መልስ ከመለሰላችሁ ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት፤ እርዳታ ጥሩለት።

ጄልን (እየሮጡ የሚዋጠውን ስኳር ያለው ወፍራም ፈሳሽ) በተመለከተ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት አስቡ። ጡንቻና ጉበት ያከማቹት ስኳር 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ይመናመናል። ሯጮች «ግድግዳው» የሚሉት እሱ ነው። ሲደክማችሁ ሳይሆን ገና ከ40 ደቂቃ በኋላ ጀምሩ። በልምምድ ያልሞከራችሁትን ግን አትቅመሱ።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ አዲስ ጫማ ስጦታ ገዛልኝ። ለሩጫው ቀን ላድርገው?

አታድርገው። አመስግነውና ቀጣዩን ልምምድ በእሱ ጀምር። ለሩጫው የለመድከው ጫማ ይሻላል። ብብትህንና ጭንህ የሚፋተግበትን ቦታ ቫዝሊን ቀባ። የእግር ጥፍርህንም ሦስት አራት ቀን ቀድመህ ቁረጥ።

ጥያቄ፦ ስንጥቃት ነው ተባልኩ። አልሮጥም። ለጓደኛዬ እንዴት ልንገራት? ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ ያለ እኔ አልሄድም ብትልስ?

በጣም አዝኛለሁ። ስንት ማለዳ እንደተነሳሽ ስለማውቅ ነው።

ዛሬ ደውዪላት። በጽሑፍ አትላኪው። ሐኪሙ ያለሽን እንዳለ ንገሪያት፤ «ምናልባት እሻል ይሆናል» አትበያት። እሷ በዚያ ምናልባት ሦስት ሳምንት ትጠብቃለች። ምዝገባሽ ወደሚቀጥለው ዓመት መተላለፍ ይችል እንደሆን አዘጋጆቹን ጠይቂ፤ አንዳንዶቹ ይፈቅዳሉ። ሐኪምሽ ከፈቀደልሽ ደግሞ ውሃ ውስጥ መሮጥ አለ። ጥልቅ ገንዳ ውስጥ መንሳፈፊያ ቀበቶ ታጥቀሽ፣ እግርሽ ወለል ሳይነካ። አቅምሽ እንዳይወርድ ይረዳል።

የሩጫው ቀን ደግሞ 32ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቁሚላት። 40ኛው ላይ አይደለም፤ እዚያ ሕዝቡ አለ። 32 ላይ መንገዱ ጭር ይላል። የምትወደውን ጄል፣ ደረቅ ካልሲና ትንሽ ፎጣ ያዢ። በየትኛው የመንገዱ ጎን እንደምትቆሚ ቀድመሽ ንገሪያት፤ ከ25 ጀምራ ትፈልግሻለች።