ብሪምን በመንጠቆ ስለማጥመድ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በእንግሊዝ አገር ሐይቆችና ዝግ ብለው በሚፈስሱ ወንዞች ብሪም የተባለውን ዓሣ ለዓመታት አጥምጃለሁ። በዚያው አገር የሚኖሩ ወገኖች ላቀረቡልኝ ጥያቄዎች የማውቀውን እነሆ።

ጥያቄ፦ ብሪም የእኛው ቆሮሶ ነውን?

መልስ፦ አይደለም። በዛምቢያና በዚምባብዌ የቆሮሶን ዘመዶች «ብሪም» ስለሚሏቸው ብዙዎች ይሳሳታሉ። የአውሮፓው ብሪም ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ በልጅነቱ ብርማ፣ ሲያረጅ ነሐስማ ሲሆን፣ በዝምድና ከቆሮሶ ይልቅ የጣናን ነጭ ዓሣ ይቀርባል።

ጥያቄ፦ የት እንዳለ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ አፉን እንደ ቱቦ አስረዝሞ ከጭቃው ውስጥ የነፍሳት እጭና ትል ስለሚመጥጥ፣ በሚበላበት ቦታ አረፋ ይወጣል፣ ውኃውም ይደፈርሳል። ጎህ ሲቀድ ጀርባውን ከውኃው በላይ ብቅ አድርጎ የሚገለበጥ ካዩ ዘንግዎን ወደዚያው ያዙሩ።

ጥያቄ፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ይዤ ድንገት ጠፉ። ስህተቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ብሪም በመንጋ የሚዞር፣ ብዙም የሚበላ ዓሣ ስለሆነ፣ ከማግኘቱ ይልቅ ማቆየቱ ይከብዳል። የዳቦ ፍርፋሪ ከተከተፈ ትልና ከበቆሎ ጋር በውኃ ለውሰው፣ ገና ሲጀምሩ ጥቂት ድቡልቡሎችን አንድ ቦታ ላይ ይጣሉ፤ ከዚያም መንጠቆው አጠገብ በምትታሰረው ባለ ቀዳዳ የምግብ ቅርጫት እየሞሉ በየጊዜው እዚያው ይጨምሩ። ቦታው እንዳይዛነፍ፣ ሲወረውሩ ክሩ ሁልጊዜ በዚያው ርቀት እንዲቆም፣ በክር መጠቅለያው ላይ ካለው መያዣ ሥር ያስገቡት፤ እኔ ራሴ ይህን ባለማወቄ ስንት ማለዳ ምግቡን በሐይቁ ሁሉ ስበትነው ኖሬአለሁ! የተያዘውን ዓሣ ደግሞ ቶሎ ከመንጋው ያርቁት፤ በመካከላቸው ሲንፈራገጥ ከቆየ ሌሎቹ ይሸሻሉ።

ጥያቄ፦ የዘንጉ ጫፍ ይንቀጠቀጣል፤ ስስበው ግን ባዶ ነው።

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ የዓሣው ሰፊ ጎን ክሩን ሲነካው ነው። ጫፉ ቀስ ብሎ ጎንበስ እስኪልና እንደዚያው እስኪቆይ ይታገሡ። በተንሳፋፊ የሚያጠምዱ ከሆነ ምልክቱ ተቃራኒ ሊሆን ይችላል፤ ምግቡን ከወለሉ አንሥቶ ቀና ሲል ተንሳፋፊው ከመስጠም ይልቅ ወደ ላይ ይነሣል።

ጥያቄ፦ መንጠቆው ላይ ምን ልሰካ?

መልስ፦ የምድር ትል፣ የዝንብ እጭ፣ የታሸገ በቆሎ። ለእኔ ትሉ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ያስፈልጋልን? ዓሣውንስ ወስዶ መብላት ይቻላልን?

መልስ፦ ከ13 ዓመት ጀምሮ ፈቃድ ግዴታ ነው፤ እስከ 16 ዓመት ላሉት ግን በነፃ ይሰጣል። የውኃው ባለቤት ፈቃድም ለብቻው ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ወንዞች ከመጋቢት 15 እስከ ሰኔ 15 በፈረንጆች አቆጣጠር ዝግ ናቸው። ከወንዝ መውሰድ የሚፈቀደው በቀን እስከ 15 ትንንሽ ዓሣ፣ ርዝመታቸውም ከ20 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ስለሆነ፣ ትልቁ ብሪም መመለስ አለበት። እውነቱን ለመናገር እሾኹ የበዛ ስለሆነ ብዙም አይቆጭም። ሲመልሱት እጅዎን አስቀድመው በውኃ ያርጥቡ፤ ደረቅ እጅ ቆዳውን የሚጠብቅለትን ልጋግ ይገፍፈዋል።