ስለ ትልቁ የጋራ አካፋይና ትንሹ የጋራ ብዜት ለጠየቃችሁኝ

ጥያቄዎቻችሁ ብዙ ስለሆኑ በተመሳሳይ ሁለት ቁጥሮች እመልሳለሁ። ወደ ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 የሚበልጡ፣ ለ1 እና ለራሳቸው ብቻ የሚካፈሉ) ሲበተኑ ይህን ይመስላሉ፦

504 = 2×2×2×3×3×7
540 = 2×2×3×3×3×5

ጥያቄ፦ ለትልቁ የጋራ አካፋይ ትንሹን አርቢ (ብቸኛ ቁጥሩ የተደጋገመበትን ብዛት)፣ ለትንሹ የጋራ ብዜት ትልቁን አርቢ ውሰድ ተባልኩ። የተገለባበጠ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ብዙ ሰው ግን እዚህ ጋ ይደናገራል፣ ምክንያቱ ሳይነገረው ሕጉን ብቻ ስለሚሸመድድ። «ትልቁ»፣ «ትንሹ» የሚለውን ለጊዜው እርሳው። የጋራ አካፋይ በሁለቱም ቁጥሮች ውስጥ መግባት አለበት። 504 ሦስት 2 አለው፣ 540 ግን ሁለት ብቻ። ሦስት 2 ብትወስድ 540 ላይ ቀሪ ይመጣብሃል። ስለዚህ ሁለት 2 እና ሁለት 3 ትወስዳለህ። 7 እና 5 በአንዱ ብቻ ስላሉ ይቀራሉ። መልሱ 2×2×3×3 = 36።

ብዜት ሲሆን ነገሩ ይዞራል። አሁን ሁለቱንም ቁጥሮች በሆዱ የሚይዝ ነው የምትፈልገው። 504 እንዲገባ ሦስት 2 እና 7 ያስፈልጋል። 540 እንዲገባ ደግሞ ሦስት 3 እና 5። ሲባዙ 7,560።

ጥያቄ፦ የቀሩትን የጋራ አካፋዮች እንዴት ላግኝ?

የ36ን አካፋዮች ጻፊ፣ ሌላ የለም፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 9፣ 12፣ 18፣ 36። ሳትዘረዝሪም ብዛታቸውን ማወቅ ትችያለሽ። 2ን ምንም አለመውሰድ፣ አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ መውሰድ ይቻላል፤ ሦስት ምርጫ ነው። 3ም እንዲሁ። 3×3 = 9። እኔ ይህን ነገር በጣም ነው የምወደው!

ጥያቄ፦ 1 ለምን ብቸኛ ቁጥር አይባልም?

ቢባል 6ን 2×3፣ 1×2×3፣ 1×1×2×3 እያልን ማለቂያ በሌለው መንገድ እንጽፈው ነበር። እያንዳንዱ ቁጥር አንድ መበተኛ ብቻ እንዲኖረው ነው 1 የወጣው።

ጥያቄ፦ ትልቁ የጋራ አካፋይና ትንሹ የጋራ ብዜት ሲባዙ፣ ሁለቱ ቁጥሮች እርስ በርስ ሲባዙ የሚገኘውን ይሰጣሉ። ለሦስት ቁጥሮችም ይሠራል?

ለሁለት ብቻ። 36×7,560 እና 504×540 ሁለቱም 272,160 ናቸው። በ4፣ 6 እና 10 ሞክረው፦ 2×60 = 120 ነው፣ የሦስቱ ብዜት ግን 240።

ጥያቄ፦ ቁጥሩ በጣም ትልቅ ሆኖ መበተን ቢያቅተኝስ?

አትበትነው። ከ2,000 ዓመት በላይ በፊት የነበረው የግሪክ የሒሳብ ሊቅ ኢዩክሊድ የጻፈውን መንገድ ተጠቀም። 540ን ለ504 አካፍል፣ ቀሪው 36። ከዚያ 504ን ለ36 አካፍል፣ 14 ደርሶ ቀሪ የለውም። ቀሪ ሲጠፋ የመጨረሻው አካፋይ ትልቁ የጋራ አካፋይ ነው፤ ያው 36።