ዱቄቱን አራግፉት

ውድ ልጆቼ፣

ልጅ ሳለሁ ክንዴ ተሰብሮ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ። በቀርከሃ ስንጥር አሰረኝ። በየሦስት ቀኑ እየመጣ ይፈታዋል፣ ይዳስሰዋል፣ መልሶ ያስረዋል። ጣቶቼን እንዳንቀሳቅስ አጥብቆ ሲቆጣኝ ትዝ ይለኛል። አጥንት ሕይወት እንዳለው ያወቅሁት ያኔ ነው። ኢንጂነሪንግ ስማር ግን ረሳሁት።

እናንተ ዛሬ የብረት ዱቄት በንብርብር እያቀለጠ ዕቃ በሚሠራ ስሪዲ ፕሪንተር የዳሌና የጉልበት ኢምፕላንት፣ ማለትም ሰውነት ውስጥ የሚተከል ምትክ፣ ትሠራላችሁ። እባካችሁ ስለ ጥንካሬ ብቻ አታስቡ። የተለመደው የቲታኒየም ቅይጥ ግትርነቱ፣ ማለትም አልታጠፍ ባይነቱ፣ 110 ጊጋፓስካል አካባቢ ነው። የውጪው ጠንካራ አጥንት ከ20 ብዙም አይርቅም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ሸክሙን ብረቱ ይወስደዋል፤ አጥንቱ ሥራ ይፈታል። ሥራ የፈታ አጥንት ደግሞ ይሳሳል። ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ አጥንት እንደ ሸክሙ ራሱን እንደሚለውጥ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው። አጥንቱ ሲሳሳ ኢምፕላንቱ ይላላል፣ በሽተኛው እንደገና ኦፕራሲዮን ይገባል።

ብረቱን እንደ ሰፍነግ ባለ ቀዳዳ፣ ጥልፍልፍ አድርገን የምናትመው ለዚህ ነው። ግትርነቱ ይቀንሳል፣ አጥንቱም ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ያድጋል። ቲታኒየምና አጥንት እንደሚዋሃዱ ያሳየን ስዊድናዊው ሐኪም ብሮኔማርክ ነው። ጥንቸል አጥንት ላይ የተከለውን ዕቃ ሊያወጣ ቢል አጥንቱ አልለቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ1965 በሰው መንጋጋ ላይ ተከለው።

ግን ጥልፍልፉ ችግርም አለው። አንድ ጊዜ የሠራሁት ናሙና በጣም አምሮ ወጣ። ሁለት ጊዜ አጥቤ፣ በአየር ነፍቼ፣ ንጹሕ ነው ብዬ ፈረምኩ። አንድ ባልደረባዬ ለሁለት እንቁረጠው አለ። ስንቆርጠው ከመሃሉ ሳይቀልጥ የቀረ ግራጫ ዱቄት እንደ ሽሮ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ዝም ብለን ተያየን። ያ ዱቄት የሰው ዳሌ ውስጥ ሊገባ ይችል ነበር። ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይረበሻል።

ስለዚህ ገና ስትነድፉ ለዱቄቱ መውጫ አስቡለት። ዕቃው ምድጃ ከመግባቱ በፊት አራግፉት፤ አንዴ ከሞቀ ዱቄቱ ተጋግሮ አይወጣም። በሲቲ ስካን እዩት። ከእያንዳንዱ ዙር አንዱን ቁረጡ፣ ውድ ነው ብላችሁ አትሳሱ። በግማሽ ቀልጠው የጥልፍልፉ ዘንጎች ላይ የተጣበቁትን የዱቄት ቅንጣቶችም በማይክሮስኮፕ ፈልጉ። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእነሱ ሥር ነው። ሰው በዓመት በአንድ እግሩ ወደ አንድ ሚሊዮን ጊዜ እንደሚረግጥ ይገመታል፤ ናሙናውን አንድ ጊዜ ጎትቶ መበጠስ ስለዚያ ምንም አይነግራችሁም።

ደግሞ ኦፕራሲዮን ክፍል ግቡ። አስፈቅዱና ጥግ ይዛችሁ ቁሙ። ሐኪሙ በረጠበ ጓንት የሠራችሁትን ዕቃ እንዴት እንደሚይዘው፣ የት እንደሚያዳልጠው፣ መዶሻውን የቱ ጋ እንደሚያሳርፍ እዩ። እኔ የገባሁት ሥራ ከጀመርኩ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። እናንተ በመጀመሪያው ዓመት ግቡ።